የሌዊ ግንድ

ሲፓዪክ፣ ማርች 3 ቀን 1953

ወንድሜ ሳፒየል፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ እጄ በብርድ ከመሰነጣጠቁ በቀር ጤነኛ ነኝ። የባሕሩ ዳር በረዶ ገና አልለቀቀም። ወንዶቹ በሙሉ እንጨት ቆረጣ ካምፕ ስለገቡ መንደሩ ውስጥ የቀረነው ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ውሾች ነን። ሰሞኑን ከበረዶው ሥር ትንንሽ ዓሣ እያወጣን በአሳማ ስብ እንጠብሳለን። የሃርትፎርድ ሾርባ ሆድህን እንደነፋው ጽፈሃል። ማን ሂድ አለህ ብዬ እንዳልቀልድብህ ማን እንዳለህ አውቃለሁ። ሸሪፉ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንተ ያረገፍከውን የዚያን የባለሱቅ ጥርስ እያስታወሰ «ያ ወንድምሽ ተመልሶ እጁን ቢያነሣ እስር ቤት ነው የሚያረጀው» ይለኛል።

እህታችን ሳቤት ለምን ደብዳቤ እንዳቋረጠችብህ ደጋግመህ ጠየቅኸኝ። እኔ ቤት ናት። በረዶ ላይ ወድቃ መንጋጋዋን ተጎዳች፤ እጇም አብጧል፤ እስክሪብቶ መያዝ አትችልም። ሐኪሙ መንጋጋዋን በሽቦ አስሮታል። ሾርባ በማንኪያ አጠጣታለሁ። ትድናለች። ባሏ ሌዊ ለሆሳዕና እሑድ መጥቶ ወደ ቤቷ እንደሚወስዳት ነግሮናል። ቄሱም ሚስት ፋሲካን በባሏ ቤት ታሳልፍ ብለዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥያቄ ስማኝ። እዚህ መንደር አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ግንድ አጋድሟል። ቡናማ አሽ የሚባለው ዛፍ ነው፣ የቅርጫት እንጨት ነው ይላል። እኔ እንደምታውቀው ቅርጫት የምንሠራበትን ልጥ እንጂ ዛፉን አላውቅም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ልጥ ሳልነካ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ዛፉ ረግረግ ውስጥ ቆሞ ምን እንደሚመስል ግን የምታውቁት እናንተ ወንዶች ናችሁ። ከግንዱ ጫፍ የቀረች ቀጭን ቅርንጫፍ ሰብሬ፣ ከቅርፊቱም ቆንጥሬ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ቡናማ ነው ወይስ ነጭ? ነጭ አሽ ቢወቀጥ ልጥ ይሰጣል? ግንዱ በብርድ ስለደረቀ ነው እንቢ ያለኝ የሚል ሰው ቢኖር ላምነው ይገባል? አንድ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲወቅጥ ውሎ ግቢው ውስጥ አንድ ስንጥር እንኳ ላይታይ ይችላል?

ሌላ ሰው አታማክር። መልሱን ከአንተ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከሆሳዕና በፊት ይድረሰኝ።

እህትህ ማልያን


ሃርትፎርድ፣ ማርች 9 ቀን 1953

እቴ ማልያን፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍተው የረግረጉ ሽታ አብሮ የወጣ መስሎኝ አፍንጫዬን ከትቼበት ቆየሁ፤ አብሮኝ የሚኖረው ጣሊያን አበደ ብሎ ሳቀብኝ።

የቅርጫት ሠሪ ልጅ፣ የቅርጫት ሠሪ የልጅ ልጅ ሆነሽ አሽ አታውቂም? አባታችን ይህን ቢሰማ ከመቃብር ተነሥቶ በመጥረቢያ እጀታ ያባርርሽ ነበር። በይ አሁን ተማሪ። ማንኛውም አሽ ቅርንጫፉን ሁለት ሁለት እያደረገ ፊት ለፊት ነው የሚያወጣው፤ ይህ ሁሉም ላይ አለ፤ አይለይልሽም። ቡናማው እግሩን ውሃ ውስጥ ከትቶ የሚኖር ነው። ቅርፊቱ ልፍስፍስ ነው፤ በአውራ ጣትሽ ብታሺው እንደ ቡሽ ይፈረፈራል። የጫፉ እምቡጥ ጥቁር ሆኖ ከሥሩ ካሉት ከሁለቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቻውን ይቆማል። ነጩ ደረቅ ኮረብታ ይወዳል። ቅርፊቱ ጠንካራ ሆኖ እንደ መረብ የተያያዘ ቦይ ቦይ አለው። ቅጠሉ የረገፈበት ጠባሳ ከላይ በኩል ጎድጎድ ያለ ነው፤ እምቡጡም እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ጠባሳው ከላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴው አሽ ነው፤ እሱም ለቅርጫት አይሆንም።

የላክሽልኝ ነጭ አሽ ነው። እምቡጡ ጠባሳው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አልጠራጠርም። እዚህ ፋብሪካ ከጧት እስከ ማታ በማሽን የማዞረው እሱኑ ነው፤ የመጥረቢያና የመዶሻ እጀታ። ነጭ አሽ ለመምታት የተፈጠረ እንጨት ነው፤ ሲመቱት አይወድም። ቡናማውን በመጥረቢያ ደንደስ ስትወቅጪው የየዓመቱ ሽፋን ንብር በንብር እየተላቀቀ ይነሣል። ነጩ ግን ክንድሽ እስኪዝል ብትወቅጪው አጫጭር ስንጥር ካልሆነ አይሰጥሽም። ብርድ ስለመታው ነው የሚል ሰው ውሸታም ነው። በበረዶ ወራት ስንወቅጥ አላደግንም?

ሰውየው ማነው? ተይው፣ አትንገሪኝ። ስለ ሳቤት የጻፍሽውን ግን ደጋግሜ አነበብሁት። ሰው በረዶ ላይ ሲወድቅ በአንድ ጎኑ ነው የሚወድቀው። መንጋጋዋ በየትኛው በኩል ነው? እጇስ?

ወንድምሽ ሳፒየል


ሲፓዪክ፣ ማርች 16 ቀን 1953

ሳፒየል፣

መንጋጋዋ በግራ ነው። እጇ የቀኝ ነው። ጀርባዋንም አይቻለሁ፤ እሱን አልጽፍልህም።

ግንዱ የሌዊ ነው።

ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ቆመህ ከሆነም ተቀመጥ። በፌብሩዋሪ አጋማሽ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከሌዊ ቤት በኩል ወቀጣ ተሰማ። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ማረፍ፣ ከዚያ እንደገና። የእኛን መንደር ታውቀዋለህ፤ ይህን ድምፅ ስንሰማ ደስ ይለናል። ወቀጣ አለ ማለት ልጥ አለ፣ ቅርጫት አለ፣ የሚበላ አለ ማለት ነው። ጎረቤታችን ዴልያ ከቤቷ ወጥታ «ሌዊም ሥራ ያዘ፣ ተአምር ነው» ብላ ቀልዳለች። አባቱ አባባ ቶማ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከወንበራቸው የማይነሡት፣ በር አስከፍተው እየሰሙ «ልጄ ደህና አድርጎ ይወቅጣል፤ እርጥብ ቡናማ ነው ያገኘው» ብለዋል። ከሰዓቱ እንዲህ አለፈ። ሲመሽ ሌዊ መጣና ሚስቴ በረዶ ላይ ወደቀች አለን።

ሸሪፉ መጥቶ ጠየቀ። ሌዊ የት ነበር? መንደሩ በሙሉ አንድ ቃል መለሰለት፤ ግቢው ውስጥ እንጨት ሲወቅጥ ነበር። አባባ ቶማ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃቸውን ጭነው መሰከሩ። ሳቤትን «ወደቅሽ ወይ?» ሲላት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሌዊ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሸሪፉ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

እኔ ግን ልጥ ጠበቅሁ። ወቀጣ ከነበረ ልጥ ይኖራል፤ ወይ ሰው ይገዛል፣ ወይ አባቱ ይካፈላሉ። ምንም የለም። ጠየቅሁት። «ግንዱ ደርቋል፣ ብርድ መትቶታል» አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ። ወደ ሱቅ ሲሄድ አድብቼ ግቢው ገባሁና ቅርንጫፏን ሰበርሁ።

ሳቤት የእግሩን ኮቴ ስትሰማ አልጋ ሥር ልትገባ ትሞክራለች። ትልቅ ሰው እኮ ናት፣ ሳፒየል። እንዲህ ሆና ነው በሆሳዕና ይዟት የሚሄደው። አሁን ከሄደች በሣጥን ነው የምትመለስልን፤ ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

አትምጣ። አንድ እህት አልጋ ላይ፣ አንድ ወንድም እስር ቤት አልችልም። የላክህልኝን ደብዳቤ ለቄሱ አነባለሁ። ነጭ አሽ መሆኑን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል።

ማልያን


ሃርትፎርድ፣ ማርች 20 ቀን 1953

እቴ፣

ትናንት አለቃው ምን ሆነሃል ብሎ ትከሻዬን ሲነካኝ በያዝኩት እጀታ ልሰነጥቀው ምንም አልቀረኝም። እጀታውን ማሽኑ ላይ ሰበርሁትና ደሞዜን አስቆረጥሁ። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ያ ሰውዬ ከእኔ ጋር አንድ ታንኳ ቀዝፏል። ከእኔ ጋር ረግረግ ገብቶ፣ እኔ ቆርጬ እሱ ጎትቶ፣ አንድ ጣሳ ሻይ ተካፍለን ጠጥተናል። እህቴን ስጠኝ ብሎ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

አትምጣ አልሽ። እሺ፣ አልመጣም። ልምጣ ብልሽም የምመጣው ለሳቤት አይደለም፤ እሱን ገድዬ እጄን ለማሳረፍ ነው። ይህን አውቀሽ ነው የከለከልሽኝ፤ ልክ ነሽ፤ ግን አላመሰግንሽም።

ደብዳቤዬን ለቄሱ አታንብቢ። እሳቸው አሽ ከጥድ አይለዩም። «አራት መቶ ማይል ርቆ ያለ ፀበኛ ወንድም እንዲህ ብሏል» ብለሽ ምን ታገኚያለሽ? ሌዊም ሞኝ አይደለም። እንጨት ያውቃል። ያን ግንድ ለመጥረቢያ እጀታ ብሎ አምጥቶት ነው እንጂ ቡናማ መስሎት አይደለም። ለሸሪፉ ቡናማ ነው ያለው እናንተ ሴቶች ዛፉን እንደማታውቁ፣ የሚያውቁት ወንዶች ካምፕ እንደሆኑ፣ አባቱ ደግሞ እንደማያዩ ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ የምነግርሽን አድርጊ። ሊወስዳት ሲመጣ አትከላከዪው። ፈገግ በዪለት። ሁሉም ባሉበት፣ አባቱም ባሉበት፣ መጥረቢያውን እጁ ላይ አድርጊለትና የጀመርከውን ጨርስልን በዪው። እሺ ካለ ይታያል፤ እንቢ ካለም ይታያል። አፍ አውጥታ መናገር ለማትችል ልጅ ግንዱ ይናገርላት።

ግን ተጠንቀቂ። መጥረቢያ እጁ ላይ ስታደርጊ ብቻሽን አትቁሚ፤ ዴልያን ከጎንሽ አድርጊ። ይህን ምክር የሰጠሁሽ እኔ ነኝና አንድ ነገር ብትሆኚ በራሴ ላይ ነው።

ሳፒየል


ሲፓዪክ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1953

ሳፒየል፣

የምትጽፍልህ ዴልያ ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ። ዴልያ ከራሷ እንዳትጨምር ተቀምጬ እያየኋት ነው። (አልጨምርም፤ ሰላም ብያለሁ፣ ሳፒየል። ዴልያ።)

ሌዊ በሆሳዕና ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ፂሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አባቱን ክንዳቸውን ይዞ። ቄሱም ከኋላ ነበሩ። እኔ በር ላይ ጠበቅሁት፤ ሴቶቹ ከወዲያም ከወዲህም ተሰብስበዋል።

«ልብሷን አዘጋጅተሻል?» አለኝ።

«አዘጋጅቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ለድንች ቅርጫት ልጥ አልቆብናል። ያን ቀን የጀመርከውን ግንድ ጨርስልንና ሚስትህን ይዘህ ግባ።»

ሳቀ። «ዛሬ ሆሳዕና ነው፤ ሥራ አይሠራም» አለ።

«ለሚስቱ ቤት ለሚሠራ ቄሱ ይፈቅዱለታል፤ አይፈቅዱም አባ?» አለች ዴልያ።

ቄሱ ቸኩለው ነበር። «ጥቂት ከሆነ እግዚአብሔር አይቆጣም» አሉ። ይህኔ አባባ ቶማ የልጃቸውን ክንድ ጨበጥ አድርገው «ወቅጥ፣ ልጄ። ድምፁ ናፍቆኛል» አሉት። የአባቱን ቃል እንዴት ይግፋ? ሁላችንም ተከትለነው ወደ ግቢው ገባን። ለሽማግሌው ወንበር አምጥተን ግንዱ አጠገብ አስቀመጥናቸው።

መጥረቢያውን አዙሮ በደንደሱ መታ። ሳፒየል፣ መጥረቢያው ነጠረ። ጭው የሚል ድምፅ ነበር፤ ጥርስ ያሳክካል። ደግሞ መታ፣ ደግሞ። ሴቶቹ «አይዞህ ሌዊ፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ብርዱ ለቆታል» ይላሉ። «ልጡ ይምጣ እንጂ፣ እጃችን እኮ ሥራ ፈታ» ይላሉ። እሱ ሸሚዙ በላብ ተጣበቀ። መዳፉ ተልጦ እጀታው ላይ ደም ታየ። ማቆም አልቻለም፤ ካቆመ የምንጠይቀውን ያውቃል። አጫጭር ስንጥር ብቻ በበረዶው ላይ ይበተናል። ከመንደሩ ሕዝብ ግማሹ መሳቁን ትቶ ነበር።

አባባ ቶማ እጃቸውን አነሡ። «በቃ» አሉ። ከወንበራቸው ተነሥተው እየዳበሱ ግንዱ ጋ ደረሱና ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። ምንም አልፈረፈረም። ወደ ጫፉ ሄደው እዚያ የቀሩትን እምቡጦች በጥፍራቸው ነኩ።

«ይህ የእጀታ እንጨት ነው» አሉ።

«አባባ፣ ብርድ ነው ያደረቀው፤ ተቀመጥ» አለ ሌዊ።

«ዝም በል። እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በወቀጣ ነው። ያን ቀን የሰማሁት ይህን ድምፅ አይደለም። ያን ቀን የሰማሁት ለስላሳ ነበር። እርጥብ ቡናማ ነው ብዬ በመጽሐፍ ምያለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ወዳለበት አዙረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጠየቁት። «ልጄ፣ ያን ቀን ስትወቅጠው የዋልከው ምንድን ነው?»

እያንዳንዳችን ያን ድምፅ በጆሯችን መልሰን ሰማነው። ዴልያ እዚያው በረዶው ላይ አስመለሳት። (እውነት ነው። ዴ.)

ሌዊ መጥረቢያውን ሲያነሣ ያየው ወደ እኔ ነበር። «አንቺ ነሽ፤ ሁልጊዜም አንቺ ነሽ» አለ። ራሴን ነበር የፈለገው፤ ዞር ስል ቀኝ ክንዴ ላይ አረፈ። ደንደሱ ባይሆን ኖሮ ክንድ የለኝም ነበር። አሁን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ይህ ነው ዴልያ የምትጽፍልህ ምክንያት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ መሬት ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ሴቶቹ ወደቁበት። መጥረቢያውን ቀምተው ወረወሩት፤ ከክምሩ ውስጥ ያገኙትን እንጨት አነሡ። ቅርጫት ሲሠሩ የኖሩ እጆች ናቸው፤ ጉልበታቸውን ታውቀዋለህ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ግንዱ ላይ እያስደገፉ ሰበሩለት። ጩኸቱ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰምቷል። ቄሱ እየጮሁ አባባ ቶማ ጋ ሄደው «ልጅዎን ሊገድሉት ነው፤ አንድ ነገር ይበሉ!» አሏቸው። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ነበር። «ቆይ አባ» አሉ። «እየሰማሁ ነው።»

አልሞተም። ማታ የድንበሩን ድልድይ አቋርጦ ወደ ካናዳ ሲሄድ አይተውታል ይላሉ፤ እጆቹን በሸሚዙ ጠቅልሎ። ሸሪፉ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። መንደሩ በሙሉ አንድ ቃል መለሰለት። እንጨት ስንወቅጥ ነበር አልነው።

ማልያን፣ በዴልያ እጅ


ሃርትፎርድ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1953

እቴ ማልያን፣

ክንድሽን አስቤ ሥራ መያዝ አቃተኝ። ምክሩ የእኔ ነበር፤ ስብራቱ ግን የአንቺ ሆነ። ይቅር በዪኝ ማለት ይቀለኛል፤ አንቺን ግን ምን ያደርግልሻል? ለዴልያ በእኔ ፈንታ እጇን ሳሚልኝ።

የባሰ ነገር አለ። ዝም ብዬ መኖር እችል ነበር፤ ግን የሆዴን ይዤ ለአንቺ መጻፍ አልችልም። ያቺ የላክሽልኝ ቅርንጫፍ እጄ ስትገባ ድቃቂ ነበረች። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከላይዋ ሲያርፍ ጨፍልቋታል። የጫፉ እምቡጥ ዱቄት ሆኗል። ጠባሳው የት እንደነበረም አይታይም። ቅርፊቱ የጥፍር ያህል ስለነበር፣ እኔ ቀርቶ አባታችንም አይለየው ነበር። ነጭም፣ አረንጓዴም፣ ቡናማም ሊሆን ይችል ነበር። እምቡጡ ጠባሳው ውስጥ ተቀምጧል ያልኩሽን አላየሁትም። ፈጥሬው ነው።

ለምን? ደብዳቤሽን ሳነብ እንጨቱን ትቼ አንቺን አየሁ። ሰው ሲወቅጥ ውሎ ልጥ ላይገኝ ይችላል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለ እንጨት አይጠየቅም። ከላይ ደግሞ የሳቤት መንጋጋ አለ። ሌላ ቅርንጫፍ ላኪልኝ ብልሽ ሆሳዕና ያልፋል። ስለዚህ ነጭ ነው አልሁ። ግንዱ ቡናማ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሌዊ ግንዱን ወቅጦ፣ ልጡን አንሥቶ፣ እህታችንን በጭብጨባ ይዟት ይሄድ ነበር፤ በእኔ ቃል። እድለኛ ነበርን፤ ሌላ ምንም አልነበርንም።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ የጎደለብኝ እሱ ነው። ዴልያ ከቤቷ ወጥታ ቀለደች ብለሽ ጽፈሻል። ሽማግሌው በር አስከፍተው ሰሙ ብለሻል። የአንቺ ቤት ከሌዊ ቤት በአንድ አጥር ነው የሚለየው። ያን ቀን አንቺ የት ነበርሽ?

ሳፒየል


ሲፓዪክ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1953

ሳፒየል፣

በግራ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሉ ቢጣመምም አንብበው። ይህን ለዴልያ መንገር አልቻልኩም።

የቅርንጫፏን ነገር ሳነብ ተናድጄ ደብዳቤህን ምድጃ ልከተው ነበር። በባዶ እጄ ነው እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ያቆምከኝ። ከዚያ ግን ተውሁት። እኔም ደብቄሃለሁ፤ የምቆጣበት አፍ የለኝም።

የት ነበርሽ አልከኝ። ቤት ነበርሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሐኪሙ የሳቤትን ሽቦ ፈታው። ቀስ ብለሽ ተናገሪ አላት። ቤት ስንገባ የበቆሎ ሾርባ አቀረብሁላት፤ አልነካችውም። አየችኝ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም፤ ከጉሮሮዋ ነው የሚመጣው።

«ማልያን፣ ያን ቀን ዳቦው ትኩስ ነበር?» አለችኝ።

ለሚወቅጥ ሰው ዳቦ መውሰድ ደንባችን እንደሆነ ታውቃለህ። ጎረቤት ወቀጣ ሲሰማ ጋግሮ ይወስዳል፤ እናታችንም እንዲህ ታደርግ ነበር። ያን ቀን እኔም ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ። ሌዊ ተለወጠ፣ እህቴ አሁን ትበላለች ብዬ ዳቦ ጋገርሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁ። በሩን አንኳኳሁ። ወቀጣው ቆመ። ሌዊ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ፤ ላብ አጥምቆታል፤ እጅጌው ተጠቅልሏል። ግንዱ ግቢ ውስጥ እያለ እሱ ከቤት ውስጥ ለምን እንደወጣ አልጠየቅሁም። ሳቤትስ ስለው ተኝታለች አለኝ። ዳቦውን ሰጠሁት። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «በርታ» አልኩት። ገና ወደ ቤቴ ሳልደርስ እንደገና ጀመረ።

ሳቤት ከበሩ ኋላ ወለሉ ላይ ነበረች። ድምፄን ስትሰማ ዳንሁ ብላ ነበር። መንጋጋዋ ተሰብሮ መጮህ ስላልቻለች ወለሉን በእጇ መታች፤ እኔ እንድሰማ። እሱ እኔን እያናገረ እጇን ረገጠው። እጇ ያበጠው በዚያ ነው። «ሰምታኛለች ብዬ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ በርታ ስትይው ሰማሁ።»

እንጨት መስሎኝ ነበር አልኳት። እውነቴን ነው የነገርኳት፤ ያ የሚሰማው ነገር እንጨት መስሎኝ ነበር። ሾርባውን መጠጣት ጀመረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሻንጣ ለመነችኝ። ወደ ሌዊ ልትሄድ መስሎኝ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አይደለም አለችኝ። ሴቶቹ በር ላይ ተሰብስበው ለመኗት፤ ዴልያ አለቀሰች፤ አባባ ቶማ እየተመሩ መጥተው በሯ ላይ ተንበረከኩ። ሁሉንም እየሳመች ተሰናበተች። ሽማግሌውን ደግፋ አነሣቻቸው። ማንንም አልረገመችም። ግን እዚህ መንደር ውስጥ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር፣ ሰው ዳቦ ባመጣ ቁጥር ልቤ ይቆማል አለች። ሁላችሁም ደግ ናችሁ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል አለች።

ረቡዕ በአውቶቡስ ሃርትፎርድ ትደርሳለች። ለሳፒየል ንገሪው ያለችኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ ከራሴ አልጨመርሁም። «ወደ ሳፒየል እሄዳለሁ። ያልሰማኝ እሱ ብቻ ነው» ነው ያለችው።

ማልያን